የጤናዬ ጸጉርና የድሬስደን ዘይት

ደባርቅ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለላቀው፤ ሊማሊሞ ላይ ስንቱን መኪና በደኅና የሚያሳልፍ አምላክ አንተንም በሰው አገር በደኅና ያሳልፍህ።

እኔ ይርገዱ ነኝ። አያትህና አባቴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንተ ስትወለድ እዚያው ቤት ነበርሁ፤ ካላወቅኸኝ እናትህን ታንጉትን ጠይቃት። አድራሻህን የሰጠችኝ እሷ ናት፣ ዳባት ገበያ ላይ ተገናኝተን። መጻፍ የተማርሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቅ።

ታንጉት «ልጄ ጀርመን አገር ሳሙና ፋብሪካ ገባ» ብትለኝ ሳቄ መጣ። የሰው ልጅ ባሕር ማዶ ተሻግሮ አውሮፕላን ይማራል፣ ያንተ ዕጣ ሳሙና! ግን ስቄ ሳልጨርስ «እሰይ፣ የምፈልገው ሰው ተገኘ» አልሁ።

የኔ እንጀራ ጸጉር ነው። ሙሽራ ስትዳር፣ አራስ ስትወጣ፣ ጥምቀት ሲደርስ የደባርቅ ሴት ሁሉ ራሷን ጭኔ ላይ ታስደግፋለች። ሳሙና ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ራሴው መሥራት ጀምሬያለሁ። ቂጡ በተበሳ እንስራ የወይራ አመድ እሞላና ውኃ አፈስበታለሁ። ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚለው ቡናማ ውኃ እጅ ይልጣል። እሱን ከቀለጠ ሞራ ጋር ሳማስል እውላለሁ። እንዲያው ይገርመኛል፤ አመድ ራሱ ቆሻሻ ነው፣ ሞራም ልብስ የሚያቆሽሽ ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን የሚያነጻ ነገር ይወልዳሉ። ችግሩ አልደርቅ ብሎኛል፤ ቡኮ መስሎ ነው የሚቀረው። ምን ይሻለዋል?

ይኼን ለጨዋታ ጻፍሁልህ እንጂ የጨነቀኝስ ሌላ ነው። ከአምቢኮ ቁልቁል ካለው ቆላ ድርቁ ያፈናቀለው ሰው ወደ መኪና መንገዱ እየወጣ ነው። ባለፈው ወር ከመጠለያው አንዲት ልጅ አምጥቼ ቤቴ አስቀመጥሁ። ጤናዬ ትባላለች፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ መንገድ ላይ፣ ቡይት ራስ ስትደርስ እዚያው ሞታ ቀረችባት። ሌላ ዘመድ አለኝ አትልም፣ እኔም ልጅ የለኝም።

ሻሿን ብፈታው ምን ልበልህ፣ ጸጉሯ ቀይ ነው! እንሶስላ የነካው ቀይ አይምሰልህ፤ የደረቀ ስንደዶ የመሰለ ቀይ። ጥቅልሉ ተፈትቶ ቀጥ ብሏል። ማበጠሪያ ባስገባሁ ቁጥር «አመመኝ» እንኳ ሳትል ከሥሩ እየተነቀለ ይመጣል። ይኼን ያህል ዘመን ጸጉር ስሠራ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። በስመ አብ ብዬ እጄን ሰበሰብሁ። የራስ ቆዳ በሽታ ነው ብዬ በእንዶድ አጠብሁ፣ ሬት አሸሁ፣ በአደስ የተነጠረ ቅቤ ቀባሁ። ሁሉም አልሆነም።

ላቀው ልጄ፣ መልኳ ቀረ ብዬ አይደለም የምጨነቀው። ጸጉሩ ሲሄድ እሷም አብራው የምትሄድ ይመስለኛል። ለራስ የሚሆን መድኃኒት ካላችሁ ፈጥነህ ላክልኝ።

በሰው አገር አንገትህን አያስደፋህ።
ይርገዱ ደስታው


ድሬስደን፣ ኅዳር 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ይርገዱ፤ አብዮታዊ ሰላምታዬ ከስሜን ተራሮች በላይ ከፍ ብሎ ይድረስዎ። እኔ እጅና እግሬን ከሚቆረጥመው ብርድ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ፊደልዎ ከኔ ይሻላል። በሳሙናው መሳቅዎን ግን አልቀየምኩም፣ እኔም መጀመሪያ አፍሬ ነበር። ለጓደኞቼ «ኬሚካል ነው የምማረው» እያልኩ ነው የከረምኩት። ጋኑን ያየሁ ቀን ነው አፌ ተከፍቶ የቀረው። የብረት ጋኑ የእኛን ቤት ከነጣራው ይውጣል። ውስጡ የሚፈላው እርስዎ እንስራ ሥር የሚያጠራቅሙት ያው ነገር ነው። እነሱ «ላውገ» ይሉታል፤ ከአመድ ሳይሆን ከጨው ነው የሚያወጡት፣ ሳሙናቸውን የሚያደርቀውም ያ ነው። የእርስዎም መላው ጨው ነው። ሳሙናው ሲፈላ አሞሌ ፈጭተው ይበትኑበትና የሚሆነውን ይዩ። ተቆርጦ ደግሞ አንድ ወር ይረፍ፣ ያን ጊዜ ንክሻው ይበርዳል። የአመዱ ውኃ መድረሱን ለማወቅ ጥሬ እንቁላል ይጣሉበት፤ ከሰመጠ ገና ነው፣ ተንሳፍፎ ጫፉን ካሳየ ደርሷል።

መምህራችን ያሉንን ልንገርዎ። የሳሙና ቅንጣት ሁለት እጅ አለው። አንዱ እጁ ቅባት ይይዛል፣ አንዱ ውኃ ይይዛል። ቅባትና ውኃ መቼም አይዋደዱም፤ እሱ መካከላቸው ገብቶ ሁለቱንም ይዟቸው ይሄዳል። መታጠብ ማለት ይኼ ነው። ይኼን ስሰማ እንባዬ መጣ፣ ለምን እንደሆነ ግን አይጠይቁኝ። ሳሙናው ተለይቶ ሲወጣ ደግሞ ከሥር ጣፋጭ ፈሳሽ ይቀራል፣ ግሊሰሪን ይባላል፤ የፊቱ ክሬም፣ የእጁ ሎሽን የሚሠራው ከሱ ነው። እጅ ከሚልጠው ጋን ውስጥ እጅ የሚያለሰልሰው ይወጣል!

የጤናዬን ነገር ያነበብኩ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለዕረፍት በሚመጣው በጓደኛዬ በማዕረግ እጅ ሻምፖ፣ ክሬምና የጸጉር ዘይት ልኬያለሁ። ሻምፖው ዓይን አያቃጥልም፣ በእፍኝ አያፍስሱት፣ ጠብታ ይበቃል። ዘይቱ እኛው ፋብሪካ የሚሠራ ነው፤ «እስከ ሥሩ ይዘልቃል» ተብሎ ተጽፎበታል። በየሁለት ቀኑ ይሹላት። እኔ አምኜበታለሁ፣ ጸጉሯ ይጠቁራል።

ጤናዬን ይሳሙልኝ።
አክባሪዎ ላቀው


ደባርቅ፣ የካቲት 29 ቀን 1977 ዓ.ም.

ላቀው የኔ ጌታ፤ በብርዱ ላይ ብርታት ይጨምርልህ። አብዮታዊ ሰላምታህን ለቀበሌያችን አደረስሁ፣ ለኔ የእግዜሩን ላክልኝ።

መጀመሪያ የጨዉን ልንገርህ፣ ጉድ ነው ያየሁት። አሞሌውን ፈጭቼ ብበትንበት ያ ቡኮ ቋጠረ። አይብ ከአጓቱ እንደሚለይ ሳሙናው ወደ ላይ ወጣ፣ ውኃው ታች ቀረ። ማማሰያዬን ጥዬ እልል አልሁ። ጎረቤቴ ገበያነሽ «ምን ወለድሽ?» እያለች እየሮጠች መጣች። ሁለት እጅ አለው ያልኸኝን ብነግራት «እንግዲያው ሽማግሌ ነዋ» አለች። እንቁላሉም ያልኸው ልክ ነው፣ ጫፉን ብቅ አድርጎ ይንሳፈፋል። እሱን አጥቤ፣ ዶሮዋ ከምትጥለው ጋር ለፋሲካ አስቀምጬዋለሁ።

ወደ ዘይትህ ልመለስ። ማዕረግ በጥምቀት ማግሥት አደረሰልኝ። ሻምፖው ፖም ፖም ይሸታል አሉ፣ እኔ ፖም በዓይኔም አላየሁ። ጤናዬ አረፋውን አይታ ሳቀች። እኔ ቤት ከገባች የመጀመሪያ ሳቋ ነው። በየሁለት ቀኑ እንዳልኸኝ አሸሁላት። እና ላቀው፣ ወር ሳይሞላ ከሥሩ ጥቁር ብቅ አለ! ላዩ ቀይ እንደሆነ ሆኖ ከራሷ ቆዳ ጋር ጥቁር መስመር፣ እንደ መቀነት ጥለት። ማተቤን ይዤ ነው የምነግርህ። ፊቷ ወዘና አወጣ፣ አብጦ የነበረው እግሯም ጎደለ። «እጁ ይባረክ» ብዬ ስንቴ መረቅሁህ። በዚያው ሰሞን ገበያነሽም ላሟ ወልዳላት ኖሮ ከገና ጀምሮ እስከ ቅበላ ማለዳ ማለዳ ወተት ታመጣላት ነበር፣ ደግነቷን እግዜር ይቁጠርላት።

አሁን ግን ዘይቱ አለቀ። እሱ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። እግሯ ተነፍቷል፣ በጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። የጭኗ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል፣ ክሬሙን ብቀባውም አልያዘላትም። ጸጉሩም ማበጠሪያው ላይ መቅረት ጀምሯል።

ታዲያ ይቺ ልጅ ምን ዓይነት ናት መሰለህ! ዓቢይ ጾም ከገባ ጀምሮ እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። «አንቺ እኮ ሕመምተኛ ነሽ» ስላት «እናቴ ጾምሽን እንዳትገድፊ ብላ አዝዛኛለች» ትለኛለች። የእናቷ የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ድንችና የገብስ ቂጣ ትቀምሳለች፤ ዘንድሮ ሽሮ ከየት ይመጣል? እንዲህ ያለች ጨዋ ያሳደገች እናት አፈር አይክበዳት።

ማዕረግ ሊመለስ ነው ብለውኝ ይኼን ደብዳቤ በእጁ ልሰድልህ ነው። አደራህን፣ ያንኑ ዘይት ሁለት ጠርሙስ ላክልኝ። ዘይቱ ካልደረሰልኝ ልጄን ላጣት ነው።

ይርገዱ


ድሬስደን፣ መጋቢት 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ ይርገዱ፤ ዛሬ ሰላምታውን ይለፉኝ። ጠዋት ቴሌግራም መትቻለሁ፣ ይኼ የሚደርስዎ ከሱ በኋላ ነው።

ዘይቱ አይደለም። ወተቱ ነው!

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ የፋብሪካችን ክሊኒክ ነርስ ዘንድ ሮጬ ሄድኩ። ጸጉሩ መቅላቱን፣ እግሯ ማበጡን፣ ቆዳዋ መላጡን አንድ በአንድ ተረጎምኩላት። ሳልጨርስ «ልጅቷ የምትበላው ምንድን ነው?» አለችኝ። ድንችና ገብስ አልኳት። «እንግዲያው የጸጉር በሽታ አይደለም። ሆዷ ቢሞላም ሰውነቷ ተርቧል» አለችኝ። ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ባቄላ ነው ያጣችው።

ከዚያ የራሴን ጸጉር ነቅላ በማጉያ መነጽር አሳየችኝ። ከቆዳ ውጭ ያለው ሕይወት የለውም፤ ቅቤ ቢቀቡት፣ ዘይት ቢያጠጡት አይሰማም። ሕያው የሆነው ሥሩ ነው፤ የሽንኩርት ራስ የመሰለች፣ በባዶ ዓይን በቅጡ የማትታይ ነገር ናት። እሷ የምትበላው ከደም ነው። በዚያች ቅንጣት በማታክል ነገር ውስጥ የሰው ርሃብና ጥጋብ ይመዘገባል፣ እትዬ! እኔ ስንት ጊዜ የጸጉር ዘይት በጠርሙስ ስሞላ ውዬ ይኼን አላውቅም ነበር።

ነገሩን ካየሁት በኋላ ግልጽ ነው። ዘይቱ የደረሰው ወተቱ በተጀመረ ሰሞን ነው፤ ዘይቱ ሲያልቅ ጾሙ ገብቶ ወተቱም ቆሟል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርገነው ከርመናል። ምርቃትዎን ከኔ ላይ አንሥተው ለገበያነሽ ላም ይስጡልኝ።

እንቁላሉን ለፋሲካ አያስቀምጡት። ወተቱን ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይስጧት፤ በአንዴ ከበዛ ይጎዳታል ብላለች ነርሷ። ስለ ጾሙ በቴሌግራሙ ደፈርኩ እንጂ እኔ አፍ የለኝም፣ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ብቻ ፋሲካን አይጠብቁ። ዘይት አልላክኩልዎም። የሚረባት ቢሆን ኖሮ ጋኑን ተሸክሜ እመጣ ነበር።

ላቀው


ደባርቅ፣ መጋቢት 24 ቀን 1977 ዓ.ም.

አንተ ላቀው! ሰው ሳይሞት ቴሌግራም ይላካል እንዴ? እግዜር ይይልህ፣ ዕድሜዬን ነው የቆረጥኸው።

የፖስታ ቤቱ ተላላኪ ሻረው ወረቀቱን ይዞ በሬ ላይ ቆመ። እዚህ አገር ቴሌግራም ከመርዶ ሌላ ይዞ መጥቶ አያውቅም። «ላቀው በሰው አገር ቀረ!» ብዬ ጮህሁ። ገበያነሽ ተቀበለችኝ፣ መንደሩ ተጠራራ፣ ነጠላችንን አዘቀዘቅን። የንስሐ አባቴ መምሬ ባዘዘው ሳይቀሩ መቋሚያቸውን ይዘው እየተቻኮሉ ደረሱ። ደረት እየተመታ ሳለ ሻረው «ቆዩ እስቲ ይነበብ» ብሎ ቀደደው። «ጤናዬ ጾም ይቅርላት። ወተት እንቁላል ዛሬውኑ ይስጧት። ዘይቱ አይደለም። ላቀው።»

ገበያነሽ እንባዋን ሳትጠርግ «በዓቢይ ጾም?» አለች።

መምሬ ባዘዘው ጤናዬን አዩአት። ጥግ ተቀምጣለች፤ ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ እሷ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራት። ቀስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡና እግሯን በጣታቸው ተጫኑት። «ጾም ለሥጋ ልጓም ነው። ይቺ ልጅ የሚለጎም ሥጋ የታላት?» አሉ። «ወተት አምጡ። ኃጢአት ከሆነ በኔ ይሁን።» እኔ አጠገቧ እየኖርሁ እንዲህ አድርጌ አላየኋትም፤ ጨዋነቷን ሳደንቅ ልትሞትብኝ ነበር።

ወተቱ መጣ። ጤናዬ ግን አፏን ገጠመች። «እናቴ አዝዛኛለች።» መምሬ ለመኗት፣ ገበያነሽ ለመነቻት፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፤ «እናትሽ ጾሙ እንዳይገደፍ ነው ያዘዘችሽ። ጾሙን ለኔ ስጪኝ፣ እኔ እጾምልሻለሁ» አልኋት። መምሬን ቀና ብላ አየቻቸው። «ይሆናል፣ ምስክሩ እኔ ነኝ» አሏት። ታዲያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾሚው?»

«እስከ ዘጠኝ» አልሁ።

«እናቴ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነበር የምትጾመው።»

እሺ ከማለት በቀር ምን ላርግ! ይኸው ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃም አልቀምስ። ነገሩን አጣርታ ስትጨርስ ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘችና ጠጣች። ያ ሁሉ ለቅሶኛ ትንፋሹን ውጦ አንዲት ልጅ ወተት ስትጠጣ ያያል። እኔም አለቀስሁ፣ ያሁኑ ግን ሌላ ልቅሶ ነው።

ሁለት ቀን አስመለሳት። ትንሽ ትንሽ ሳደርገው ረጋ። እንቁላሉንም እየቀቀልሁ በግማሽ በግማሹ እሰጣታለሁ። እግሯ መጉደል ጀምሯል፣ ትናንት ደጅ ድረስ ራሷ ሄደች። ዘይቱን አትላክ። ይልቅ ደኅና ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ካገኘህ ላክልኝ፣ ጸጉር ሲመጣ ያስፈልገኛል።

ይርገዱ


ድሬስደን፣ ግንቦት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ ይርገዱ፤ ወተትና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ።

ደብዳቤዎን ለነርሷ ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ የማትስቅ የማትጫወት ሰው ናት፤ «እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጾሚው» የሚለው ላይ ስደርስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

ጸጉር በወር የሚያድገው አንድ የትንሽ ጣት ስፋት ያህል ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ነርሷ እንዳለችኝ ግን ያለፈው ሁሉ እላዩ ላይ መስመር መስመር ሠርቶ ይቀራል። እርስዎ ጸጉር ሲያነቡ የኖሩ ነዎት። ሲያድግ አንብበው ይጻፉልኝ፣ እዚህ የምንጠብቀው ሁለት ሆነናል። ማበጠሪያው ከዚህ ጋር አለ።

ላቀው


ደባርቅ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ላቀው ልጄ፤ ዘመን ከነገ ወዲያ ይለወጣል፣ አንተንም ከደኅና ወደ ደኅና ያሸጋግርህ።

አንብቢ ብለኸኛል፣ ይኸው። ከራሷ ቆዳ ጀምሮ አምስት ጣት የሚሆነው ጥቁር ነው፣ ጥቅልል ብሎ የሚያብረቀርቅ። መምሬ ወተቱን ካስመጡ ወዲህ ያለው ነው። ከሱ ቀጥሎ ቀጭን ቀይ መስመር አለ፤ እሱ ዓቢይ ጾም ነው። ከዚያ እንደገና ጥቁር፣ ከገና እስከ ቅበላ የገበያነሽ ወተት። ከሱ ወዲያ እስከ ጫፉ ቀይ ነው፤ ድርቁና መንገዱ። ገበያነሽን ጠርቼ እያንዳንዱን በጣቴ እየነካሁ አሳየኋት፣ አማተበች። የሰው ልጅ ያገኘውንና ያጣውን ራሱ ላይ ተሸክሞት ይዞራል፣ እኔ ይኼን ሁሉ ዘመን ስጎነጉነው አላየሁትም። የእግዜር ሥራ አያልቅም፣ ላቀው። ጸጉር በነካሁ ቁጥር እጄ ይፈራል አሁን።

ዛሬ ለእንቁጣጣሽ ላሰናዳት ብዬ በራሴ ሳሙና አጠብኋትና ጭኔ ላይ አስደገፍኋት። ማበጠሪያህ ደኅና ነው፣ አንድም አልነቀለባት። ከዚያ መቀስ አነሣሁ። «ይኼን የርሃብ ጸጉር ቆርጠን እንጣለው፤ ለአዲስ ዘመን በጥቁሩ ብቻ ግቢ» አልኋት።

ብድግ አለች። ቀዩን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ «አይቆረጥም» አለች።

«ምነው?»

«እናቴ የሠራችኝ እሱን ነው።»

መቀሱን መልሼ አስቀመጥሁት። ከመጣች ጀምሮ ያንን ቀይ ጸጉር እንደ ጠላት ነው ያየሁት፤ መቼ በወጣላት ስል ነው ዓመቱ ያለቀው። የእናቷ እጅ የነካው እሱ ብቻ እንደሆነ አንድ ቀን ትዝ አላለኝም። እንደገና አስደግፌ አንዲት ሳላስቀር ቀዩን ከጥቁሩ ጋር ጎነጎንሁላት። ቀዩ ስስ ነው፣ ይሰበራል፣ ስለዚህ በጣም ቀስ እያልሁ ነበር። እሷም እናቷ እንዴት እንደምትሠራት እየነገረችኝ፣ እኔም እንዳለችኝ እያደረግሁ አመሸን።

ይርገዱ